ልጁን አስከትሎ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳና የንግድ ቤቶቻችን ጥቅም

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣችን ዘወትር የምናነበው ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ መርከብ ጭነት ነው። አስመጪውና ላኪው የሚኖረው በዚህ ነውና ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢዎች ለማቅረብ የፈለግሁት በመጠኑ አነስተኛ መስሎ የሚታይ፣ በውጤቱ ግን ከኪሳችን ጋር በቀጥታ የተገናኘ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከክፍለ አገር ተነሥቶ፣ አንድ ትንሽ ልጅ በእጁ ይዞ፣ የተቆጠረ ገንዘብ ቋጥሮ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ሰው ነው። ይህ ሰው በከተማችን ሦስት ወይም አራት ቀን ይሰነብታል፤ ይበላል፣ ያድራል፣ ይሳፈራል፣ ይገዛል። ሆኖም ከንግድ ቤቶቻችን ብዙዎቹ እንደ አላፊ አግዳሚ እንጂ እንደ ደንበኛ አይቆጥሩትም።

እኔ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከየአገሩ ዕቃ ለመግዛት የሚመጡት ባለሱቆች ከአለቃዬ ፊት ከመቅረባቸው በፊት በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋሉ። ስለዚህም የእነርሱን የመንገድ ወሬ ከደረሰኝና ከደብዳቤው እኩል ስሰማ ኖሬአለሁ። ልጅ አስከትለው የሚመጡት እንግዶች ባጠቃላይ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ራሳቸው ነጋዴዎች ሆነው፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ወራት ልጃቸውን ከተማ ለማሳየት ይዘው የሚመጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ልጃቸውን ለማሳከም ወደ ጥቁር አንበሳና ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተላኩ ወላጆች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚመጡ ናቸው። የመምጫቸው ምክንያት ቢለያይም ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ገንዘባቸው ከቤታቸው ሳይወጡ ተቆጥሮ የተመደበ መሆኑ ነው።

እንግዲህ አሳቤን በአንድ ቃል ለመግለጽ፣ የተቆጠረ ገንዘብ የያዘን ሰው ከዋጋ መወደድ ይልቅ የሚጎዳው የዋጋ አለመታወቅ ነው። የአንድ ሌሊት አልጋ ይህን ያህል ነው የተባለ ሰው፣ ከበዛበት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ወይም ሦስቱን ሌሊት ሁለት አድርጎ የቀረውን ለሌላ ነገር ያውለዋል። ዋጋውን የማያውቅ ሰው ግን ምንም ማቀድ አይችልም። ነገ ምን እንደሚጠየቅ ስለማያውቅ የዛሬውንም ገንዘብ አጥብቆ ይይዘዋል። በመጨረሻም ሊያወጣው አስቦ የመጣውን ገንዘብ ግማሹን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህ ገንዘብ ተቆጠበ ማለት አይቻልም፤ ከገበያ በፍርሃት የሸሸ ገንዘብ ነው።

ትንሽ ልጅ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። በገበያ የገዢ ጉልበቱ ትቶ መሄድ መቻሉ እንደ ሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋው ያልተስማማው ሰው ፊቱን አዙሮ ሲራመድ ሻጩ ይጠራዋል፤ ክርክሩም እንደ ገና ይጀመራል። የራበውን የአራት ዓመት ልጅ የያዘች እናት ግን ፊቷን አዙራ መሄድ አትችልም። ልጁ ውሃ ሲጠማው፣ ሲደክመው፣ መጸዳጃ ሲፈልግ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ በቅርብ የተገኘውን ቤት መግባትና የተጠየቀችውን መክፈል ግዴታዋ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ዋጋ ቢጨምርባት የንግድ ብልሃት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከማይሸሽ ሰው ላይ የሚወሰድ ገንዘብ ነውና።

ባለፈው ክረምት ያጋጠመውን አንድ ነገር ልጥቀስ። ከወሎ በኩል የመጣች አንዲት ባለሱቅ የአምስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ወደ ቢሮአችን መጣች። ያሰበችው አራት ቀን ለመቀመጥ ነበር፤ ሁለቱን ቀን ዕቃ ለመግዛት፣ አንዱን ልጇን ሙዚየም ለማሳየት፣ አንዱን ለመጠባበቂያ መድባለች። በመጀመሪያው ቀን ከአውቶቡስ እንደ ወረደች የዋጋ ሰሌዳ በሌለው አንድ ምግብ ቤት ገብታ የአንድ ሰው ፍርፍር አዘዘችና ከልጇ ጋር በሉ። ሒሳቡ ሲመጣ ግን የሁለት ሰው ሆኖ መጣ፤ ልጁም ወንበር ይዟል ተባለች። ማታ ደግሞ በስልክ የአንድ አልጋ ዋጋ የነገራት ፔንሲዮን ከበሩ ስትደርስ፣ ልጁ ከእርስዋ ጋር በአንድ አልጋ የሚተኛ ቢሆንም፣ ስለ ልጁ ጭማሪ ጠየቃት። በዝናብና በጨለማ ወዴት ትሄዳለች? ከፈለች።

ሁለቱ ጭማሪዎች ተደምረው ብዙ ገንዘብ አልነበሩም። የተከተለው ነገር ግን ብዙ ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሴትዮዋ ምግብ ቤት አልገባችም፤ ዳቦና ሙዝ እየገዛች ልጇን አበላች። ከእኛ ዘንድ አስቀድማ ያዘዘችውን ዕቃ ብቻ ወስዳ፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ልትገዛ ያሰበችውን የልጆች ጫማና የደብተር ቦርሳ ትታ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመለሰች። ልጁም ሙዚየሙን አላየም። ስትሰናበተኝ፣ ውድ ነው ብለው አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ እችለው ነበር፤ ያልነገሩኝን ግን ልችለው አልቻልኩም አለችኝ። ምግብ ቤቱና ፔንሲዮኑ ጥቂት ብር አተረፉ፤ ከእነርሱ ጋር ምንም ጠብ የሌላቸው አራትና አምስት ሱቆች ግን ገበያቸውን አጡ። ሁለቱም ቤቶች ቢሆኑ የቀሩትን ቀናት ምሳና አልጋ አጥተዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ከተማችን ለእንደዚህ ያለው እንግዳ በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ የምታሳየው ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ ወላጅ ልጁን ይዞ ጠዋት በስድስት ኪሎ ቢጀምር፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ያለቁት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የሚታሰቡበትን የየካቲት 12 ሐውልት ያለ ምንም ክፍያ ያያል። ከዚያ ቁልቁለቱን ይዞ በእግሩ ወደ አምስት ኪሎ ሲወርድ ብሔራዊ ሙዚየም ይደርሳል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የድንቅነሽ ታሪክ የሚታየው በዚህ ነው። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ የተገኘችው ሰላም ደግሞ ስትሞት የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረች፤ ዕድሜዋም ወደ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከእርሱ የምታንስ ልጅ በዚህ አገር ከዚያን ያህል ዘመን በፊት ትሮጥ እንደ ነበረች የተነገረው የአምስት ዓመት ልጅ፣ ትምህርቱን በቀላሉ የሚረሳው አይመስለኝም።

ከሙዚየሙ ጥቂት እንደ ተራመዱ የአራት ኪሎ አደባባይ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ይገኛል። ከዚያም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የኮሪደር ልማት በሰፋው የእግረኛ መንገድ ወደ ፒያሳ ቢያመሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልትና በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያያሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ወገን የከተማው ክፍል የሚገኝ ነው፤ ኮንትራት ታክሲ መያዝ አያስፈልገውም፤ ልጁ ከደከመው ለሁለት ቀን ማካፈል ይቻላል።

አሁን በነጋዴ ዓይን እንመልከተው። በዚህ መንገድ ላይ ልጅ የያዘ ሰው የሚያስፈልገው አምስት ነገር ነው፤ የሚጠጣ ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ መጸዳጃ፣ ከዝናብ መጠለያና ትንሽ መቀመጫ። ከእነዚህ ውስጥ ሙዚየሙ ወይም ሐውልቱ የሚሰጠው ጥቂቱን ነው። አብዛኛው የሚገኘው በሱቅ፣ በምግብ ቤት፣ በቡና ቤትና በጁስ ቤት ነው። እንግዲህ የእንግዳው ገንዘብ የሚወጣው በሙዚየሙ በር ሳይሆን በእኛ በር ነው ማለት ነው። ሐውልት ለመትከል የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ሰውን እስከ ደጃችን አምጥቶልናል፤ ከደጃፍ ወደ ውስጥ የማስገባቱ ሥራ ግን የባለቤቱ ነው።

ዋጋን አስቀድሞ ማስታወቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት የቀላል ባቡሩን አጀማመር ማስታወስ ይበቃል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ስለዚህም በዕድሜው ባቡር ተሳፍሮ የማያውቅ ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ የሆነ ሰው ሳይቀር ልጁን ይዞ ያለ ሥጋት ሊሳፈር ቻለ። ባዕድ በሆነ ከተማ ውስጥ የታወቀ ዋጋ እንደ ዘመድ ነው፤ ሰው ይጠጋዋል።

ለዚህ አሳብ ተቃውሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ንግዳችን በክርክር የኖረ ስለ ሆነ ዋጋ መጻፍ ከልማዳችን ጋር አይስማማም የሚል ነው። በጠላት ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ መርካቶ ላይ ከተተከለ ጀምሮ፣ ከበርበሬ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ክርክር የገበያው ሕይወት መሆኑ እውነት ነው። በጅምላ ሻጩና በባለሱቁ መካከል፣ ሁለቱም ዋጋ የሚያውቁ ስለ ሆኑ፣ ክርክሩ የእኩዮች ነው፤ ይቀጥል። የአንድ ሳህን ሽሮ፣ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ የአንድ ጠርሙስ ውሃ ዋጋ ግን ከበሉና ከጠጡ በኋላ የሚከራከሩበት ነገር አይደለም። ለዕቃም ቢሆን ዋጋ መጻፉ ክርክርን አያስቀርም፤ ክርክሩ የሚጀመርበትን ቦታ ብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ አለመርጋት ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪው ዕቃውን በምን ዋጋ እንደሚተካ አስቀድሞ ለማወቅ እንደ ተቸገረ እኔ ከምጽፋቸው ደብዳቤዎች አውቃለሁ። ነገር ግን ዋጋው ዛሬ ከትናንት ተለይቶ ይሁን እንጂ፣ የዛሬው ዋጋ ዛሬ ለሁሉም ሰው አንድ መሆን ይችላል። ለዚህም አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ይበቃል። ዋጋ ቢለወጥ ጠዋት ይደመሰሳል፤ አዲሱም ይጻፋል። እንግዳው የሚጠይቀው ዋጋው ለዘላለም እንዳይለወጥ አይደለም፤ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ እንዳይለወጥበት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ መጸዳጃና ስለ መቀመጫ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለመንገደኛ ሁሉ መጸዳጃ መክፈት ወጪ አለው ይባላል። ይህም እውነት ነው። ስለዚህ በነፃ ይሁን አልልም፤ ዋጋው በበሩ ላይ ይጻፍ። ልጅ የያዘ ሰው ተመጣጣኝ ዋጋ ከፍሎ ንጹሕ ቤት ቢያገኝ ያመሰግናል እንጂ አያማርርም። በር ላይ ያለች አንዲት አግዳሚ ወንበር ደግሞ ውሃም አትፈልግ፤ ልጁ አርፎባት ሲቀመጥ አባቱ ወይም እናቱ በመስኮቱ ያለውን ዕቃ ማየታቸው አይቀርም።

ከዚህም ሁሉ በላይ ጉዳዩ ለበጎ ፈቃዳችን ብቻ የተተወ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃና የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። ሸማቹም ዕቃ ስለ ተመለከተ ወይም ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም፤ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። አንባቢዎች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። አቧራ የለበሰ ጫማ ያደረገና ልጅ በእጁ የያዘ የገጠር ሰው፣ ዕቃ ነክቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ቢወጣ፣ ከኋላው ክፉ ቃል እንዳይከተለው ሕግ ጠብቆታል።

እንግዲህ ለነጋዴ ወንድሞችና እኅቶች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ምግብ ቤቶች የምግቡን ዋጋ ከደጅ በሚነበብ ቦታ ይጻፉ፤ ለልጅም ግማሽ ሳህን በግማሽ ዋጋ ያዘጋጁ። ልጅ ሙሉ ሳህን አይጨርስም፤ የሚደፋው እህል ለባለቤቱም አይጠቅም። የአልጋ ቤት ባለቤቶች ዋጋውን በስልክ ሲናገሩ፣ ልጅ ያስከፍል እንደ ሆነና ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚያስከፍል፣ ሙቅ ውሃም በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን አብረው ይናገሩ። ባለሱቆች የልጆችን ልብስ፣ ጫማና ደብተር ዋጋ በዕቃው ላይ ይለጥፉ፤ ዝናብ ሲጥልም በበረንዳቸው የተጠለለውን እናትና ልጅ አያባርሩ። አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮች ደግሞ ከክፍለ አገር የሚመጡ ደንበኞቻቸውን ሲቀበሉ፣ ዋጋቸው የታወቀ የታመኑ ማደሪያዎችንና ምግብ ቤቶችን ዝርዝር በአንዲት ወረቀት ጽፈው ቢሰጡ፣ ደንበኛቸው በሰላም ሰንብቶ ብዙ ዕቃ ይገዛቸዋል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ራሳቸው ልጅ ይዘው ለሚመጡት የክፍለ አገር ባለሱቆችም ጥቂት ቃል ልጨምር። ገንዘባችሁን ከቤት ሳትወጡ በአራት ፖስታ ክፈሉት። በመጀመሪያው የመመለሻ መሳፈሪያና የአንድ ሌሊት አልጋ ይሁን፤ ይህ እስከ መጨረሻው ቀን አይነካ። በሁለተኛው የምግብና የአልጋ፣ በሦስተኛው የከተማ ትራንስፖርት፣ በአራተኛው የልጁ ይሁን፤ የዕቃ መግዣው ገንዘብ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀል። የልጁን ጉብኝት በጠዋት አድርጉት፤ በአንድ ቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ነገር በላይ ለማሳየት አትሞክሩ። ትንሽ ልጅ ሲደክመው የምታሳዩት ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች፣ ከቆላ የምትመጡ በክረምት ሹራብና ጋቢ አትርሱ። መርካቶ ስትገቡ ስማችሁና የስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበትን ወረቀት በልጁ ኪስ አኑሩ። ከሁሉም በላይ ከመቀመጥና ከመብላት በፊት ዋጋ ጠይቁ፤ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጋዴው ስምና ጥቅም እንዲጠበቅ ነው። ስለዚህ ምክር ቤታችን ለዚህ ጉዳይ አንዲት ትንሽ ሥራ ቢጀምር ዋጋዋ ከፍ ያለ ይመስለኛል። ይኸውም ዋጋቸውን በግልጽ ለሚጽፉና ለልጅ የተለየ ዋጋ ላላቸው ቤቶች በበራቸው ላይ የሚሰቅሉት አንድ ዓይነት ምልክት መስጠት ነው። ምልክቱን ያየ እንግዳ ሳይፈራ ይገባል፤ ምልክቱ የሌለው ጎረቤትም ገበያው ወደ ወዲያኛው ቤት ሲያዘነብል ባየ ጊዜ ያለ ማንም ግፊት ሰሌዳውን ይሰቅላል።

የዛሬው የአምስት ዓመት ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ባለሱቅ፣ አስተማሪ ወይም ሐኪም ሆኖ ወደዚህ ከተማ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ወደ የትኛው ቤት እንደሚገባ የሚወስነው፣ ዛሬ እናቱ በየትኛው ቤት ተከብራ በየትኛውም ተዋርዳ እንደ ወጣች ነው። ልጅ ዋጋ አያውቅም፤ የእናቱን ፊት ግን ያነባል። ይህን አሳቤን ለአንባቢዎች ፍርድ አቀርባለሁ።